በ0.3 ሰከንድ የተሸነፈ ቡድን መጥፎ ተጫወተ ይባላል?

የኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ፍጻሜ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫ የሚወስድበት ተከታታይ ነው፤ የመጀመሪያው ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ጭቅጭቁ ያው ነው። ያሸነፈው ቡድን ደጋፊ ዋንጫውን በሐሳቡ አንስቶ ጨርሷል። የተሸነፈው ደጋፊ ደግሞ አሰልጣኙ ይባረር፣ ኮከቡ ጫና አይችልም፣ እገሌ ለምን አልገባም እያለ ያድራል። እኔ ይሄን ክርክር በጣም ነው የምወደው። ከጨዋታው እኩል እጠብቀዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ግን አንድ ነገር ያናድደኛል። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ውጤቱን ያያል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ለውጤቱ የሚስማማ ታሪክ ይፈልጋል። ያሸነፈ ሁሉ ጥሩ ተጫወተ፣ የተሸነፈ ሁሉ መጥፎ ተጫወተ፣ በቃ። እንዲህ ከሆነማ ጨዋታውን ማየት ለምን ያስፈልጋል? ውጤቱን አንብቦ መተኛት ይቻላል እኮ።

ለዚህ ከ2025ቱ ፍጻሜ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ኢንዲያና ፔሰርስ ከኦክላሆማ ሲቲ ተንደር። ተንደር በመደበኛው ውድድር 68 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነበር፣ ፔሰርስ 50። የመጀመሪያው ጨዋታ ጁን 5 በተንደር ሜዳ ተደረገ፤ ፔሰርስ 111 ለ 110 አሸነፈ። የፔሰርሱ ታይሪስ ሃሊበርተን ከቀኝ በኩል ገባ፣ የተንደሩ ኬሰን ዋላስ ፊቱ ቆሞ እያለ ዘለለና ወረወረ፣ ኳሷ ስትገባ ሰዓቱ ላይ የቀረው 0.3 ሰከንድ ነው። ከዚያች ቅጽበት በፊት ፔሰርስ በዚያ ጨዋታ አንድም ጊዜ አልመራም። አንድም ጊዜ! በአራተኛው ኳርተር፣ ማለትም በመጨረሻው ሩብ፣ በ15 ነጥብ ሲመራ የነበረ ቡድን፣ ጨዋታውን በሙሉ ከፊት ሆኖ የተጫወተ ቡድን፣ ልክ ሊያልቅ ሲል ተሸነፈ።

ከዚያ ጩኸቱ ተጀመረ። አንዱ ወገን «ዕድል ነው፣ ፔሰርስ ቀኑን ሙሉ ተበልጦ በአንድ ውርወራ አመለጠ» አለ። ሌላው ወገን «ተንደር ልጆች ናቸው፣ ትልቅ ጨዋታ አይችሉም፣ ተሸበሩ» አለ። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ መጨረሻዋ ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት 47 ደቂቃዎች የት ገቡ?

እስቲ እነሱን እንያቸው። መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ፔሰርስ ኳስ ያባከነበት ብዛት ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 19 ጊዜ ኳስ አስረከቡ። አስራ ዘጠኝ! በጨዋታው በሙሉ ከ20 በላይ። ተንደር ደግሞ የሚኖረው በዚህ ነው። አሌክስ ካሩሶ፣ ሉ ዶርት፣ ዋላስ፣ ጄለን ዊሊያምስ፣ ሁሉም እጃቸው ኳስ ላይ የሚያርፍ ልጆች ናቸው። ይነጥቃሉ፣ ይሮጣሉ፣ ተቃዋሚው ዞር ብሎ ሳያይ ነጥብ ይሆናል። በሌላ በማንኛውም ምሽት እንዲህ ኳስ ያባከነ ቡድን እረፍት ሳይወጣ በ25 ነጥብ ይመሩት ነበር ማለት ይቻላል። እረፍት ሲወጡ ግን ልዩነቱ 57 ለ 45 ብቻ ነበር። ምክንያቱም ተንደር ከእነዚያ ሁሉ የተነጠቁ ኳሶች በጨዋታው በሙሉ ያገኘው 11 ነጥብ ነው። ይነጥቃሉ፣ ግን አይጨርሱም። ለእኔ የጨዋታው ቁልፍ እዚህ ጋ ነው፣ የሃሊበርተን ውርወራ ጋ አይደለም።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ተንደር 98 ጊዜ ወደ ቅርጫቱ ወረወረ፣ ፔሰርስ 82 ጊዜ። አስራ ስድስት ተጨማሪ ዕድል ማለት ነው፣ ያውም በአንድ ነጥብ በተለየ ጨዋታ። ስንት ስንት አገቡ? ሁለቱም 39፣ እኩል! ልዩነቱን ያመጣው ከሩቅ የተወረወረው ነው፤ ፔሰርስ 18 ባለ ሦስት ነጥብ ሲያገባ ተንደር 11 አገባ። ነጻ ውርወራ ላይ ተንደር ቢበልጥም አልበቃውም። ቼት ሆልምግረንና ጄለን ዊሊያምስ፣ የቡድኑ ሁለተኛና ሦስተኛ የነጥብ ምንጮች፣ ሁለቱ ተደምረው ከ28 ሙከራ 8 ብቻ አገቡ። የተንደር ኮከብ ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር 38 ነጥብ አስቆጥሯል፣ ግን ለዚያ 30 ጊዜ መወርወር ነበረበት።

ታዲያ ይሄን ይዞ «ተንደር ተሸበረ» ማለት ይቻላል? እኔ አይመስለኝም። ተንደር በመከላከል የሚፈልገውን ሁሉ አግኝቷል። ያጣው ማግባት ነው። ማግባት ደግሞ ከምሽት ምሽት ይለያያል፤ ዛሬ ብረቱን መትታ የወጣች ኳስ ነገ ትገባለች። ኳስ መንጠቅ ግን ልማድ ነው፤ በፍጥነት፣ በእጅ ርዝመት፣ በስልጠና የሚመጣ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ለእኔ አንድ ነው፦ ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ በሚቀጥለው ጨዋታ ተመልሶ የሚመጣው የቱ ነው?

ግን «ዕድል ነው» የሚሉትንም አልቀበልም፣ እንዲያውም በእነሱ የበለጠ ነው የምናደደው። ፔሰርስ በዚያ ዓመት ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚመጣው ጥሎ ማለፍ) በእያንዳንዱ ዙር አንድ አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነገር ሠርቷል። ሚልዋኪ ላይ በጭማሪ ሰዓት፣ የመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ላይ ሃሊበርተን ገብቶ አስቆጠረና 119 ለ 118 አለቀ። ክሊቭላንድ ላይ፣ ያውም በክሊቭላንድ ሜዳ፣ 1.1 ሰከንድ ሲቀር ባለ ሦስት አግብቶ 120 ለ 119። ኒውዮርክ ላይ ደግሞ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ሲቀር በ14 ነጥብ ተመርተው ነበር፤ አሮን ኔስሚዝ ባለ ሦስቱን እየደጋገመ ያስገባዋል፣ በመጨረሻ የሃሊበርተን ኳስ ብረቱን መትታ ወደ ላይ ነጠረች፣ ተመልሳ ገባች፣ ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሄደ፣ አሸነፉ። አንድ ጊዜ ዕድል ይባላል። አራት ዙር ሙሉ ሲደጋገም ግን ሌላ ስም ያስፈልገዋል። ቡድኑ በ15 ሲመራ አይቸኩልም፣ በ15 ሲመሩትም አይቸኩልም። ሌሎች ቡድኖች መጨረሻ ላይ ኳሱን ለአንድ ሰው ሰጥተው ቆመው ያያሉ፣ እነሱ ግን ልክ እንደ መጀመሪያው ኳርተር መሮጣቸውንና መቀባበላቸውን ይቀጥላሉ።

ያቺን የመጨረሻ ኳስ ራሷን እዩዋት። ሼይ ወርውሮ ሳተ፤ ፊቱ የነበረው አንድሩ ኔምባርድ ነው፣ ከእሱ የተሻለ ሰው ፔሰርስ የለውም። ኔስሚዝ ሪባውንዱን፣ ማለትም ስታ የነጠረችውን ኳስ፣ ያዘ። ቀሪው ሰዓት አስር ሰከንድ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ አሰልጣኝ ቲምአውት (አጭር እረፍት) ይጠራል፣ ሰሌዳ ያወጣል፣ ይስላል። የፔሰርሱ አሰልጣኝ ሪክ ካርላይል አልጠራም። ለምን? ቲምአውት ቢጠራ ተንደርም ይደራጃል፤ የሊጉ ምርጥ መከላከል ያለው ቡድን ቆሞ እንዲጠብቅህ ታደርጋለህ ማለት ነው። አለመጥራት ውሳኔ ነው፣ ያውም ከበድ ያለ ውሳኔ። ያቺ ኳስ ባትገባ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ካርላይልን ምን ይለው እንደነበር አስቡት። ውሳኔው ግን ኳሷ ብትገባም ባትገባም ትክክል ነበር። እኔ ውጤትና አጨዋወት ይለያዩ የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ሼይም ብዙ ተባለ። 38 ነጥብ አስቆጥሮ «መጨረሻ ላይ ጠፋ» ተባለ። በመጀመሪያ የፍጻሜ ጨዋታው ከዚያ በላይ ያስቆጠሩት አለን አይቨርሰንና ጆርጅ ማይከን ብቻ ናቸው፤ እንደዚህ ያለ ምሽት በአንድ የሳተ ኳስ መመዘን ግፍ ነው። ያው ሰውዬ በአራተኛው ጨዋታ፣ በኢንዲያና ሜዳ፣ ቡድኑ ሁለት ለአንድ ተመርቶ እያለ፣ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ 15 ነጥብ አስቆጥሮ ጨዋታውን ገለበጠ። ጫና አይችልም የተባለው ሰው ነው እንግዲህ።

ታሪክ ውስጥ ገባ ብላችሁ ስታዩ ይሄ ነገር አዲስ እንዳልሆነ ታያላችሁ። በ1985 ቦስተን ሴልቲክስ ሎስ አንጀለስ ሌከርስን በመጀመሪያው ጨዋታ 148 ለ 114 ደበደበ። ከሪም አብዱልጀባር 38 ዓመቱ ነበር፤ 12 ነጥብና 3 ሪባውንድ ብቻ ይዞ ወጣ። አርጅቷል፣ አልቋል ተባለ። በሁለተኛው ጨዋታ 30 ነጥብ፣ 17 ሪባውንድና 8 አሲስት (ለጓደኛ ነጥብ ያበቃ ቅብብል) ሠራ። ሌከርስ በስድስት ጨዋታ ዋንጫውን ወሰደ፣ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋችም ራሱ ከሪም ሆነ። በ1991 የማይክል ጆርዳን ቺካጎ ቡልስ የመጀመሪያውን በሜዳው 93 ለ 91 ተሸነፈ፣ ከዚያ አራቱን በተከታታይ አሸነፈ። በ2001 አይቨርሰን 48 ነጥብ አስቆጥሮ ፊላደልፊያ ሌከርስን በጭማሪ ሰዓት አሸነፈ፤ ሌከርስ እስከዚያ ድረስ በዚያ ዓመት ፕሌይኦፍ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም ነበር። ዓለም ሁሉ ስለ ፊላደልፊያ አወራ። ቀጣዮቹን አራት ጨዋታዎች ሌከርስ ወሰደ።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን በጣም የሚስበኝ የ2016ቱ ነው። ጎልደን ስቴት የመጀመሪያውን ጨዋታ ክሊቭላንድን 104 ለ 89 አሸነፈ። ያሸነፈው ግን ስቴፍ ከሪና ክሌይ ቶምሰን ተደምረው 20 ነጥብ ብቻ አስቆጥረው ነው! ተቀያሪው ሾን ሊቪንግስተን ብቻውን 20 አስቆጠረ። ያኔ የተባለው «ኮከቦቹ ሳይጫወቱ እንዲህ ካሸነፉ፣ ሲጫወቱማ ምን ሊሆን ነው» ነበር። ምክንያታዊ ይመስላል። ግን ሌላም ጥያቄ ነበረው፦ ክሊቭላንድ ሁለቱን እንዴት እንደዚህ አፍኖ ያዛቸው? ያ መከላከል ተመልሶ ይመጣል ወይስ አይመጣም? ክሊቭላንድ ሦስት ለአንድ ተመርቶ ሁሉንም ገልብጦ በሰባተኛው ጨዋታ ዋንጫውን ወሰደ።

የ2022ቱን ደግሞ ለጄሰን ቴተም ስል አነሳዋለሁ። በመጀመሪያው ጨዋታ ቦስተን፣ የቴተም ቡድን፣ በአራተኛው ኳርተር ጎልደን ስቴትን 40 ለ 16 በልጦ 120 ለ 108 አሸነፈ። ቴተም ከ17 ሙከራ 3 ብቻ አገባ። ግን 13 አሲስት ሰጠ። እሱን ለማፈን ሁለት ሰው ሲመጣ ክፍት የሆነውን እያየ አቀበለ፤ አል ሆርፎርድ ስድስት ባለ ሦስት አገባ። ይሄ መጥፎ ጨዋታ ነው? አይደለም። ጥሩ ጨዋታ ነው፣ ሙከራዎቹ አልገቡለትም እንጂ። በሌላ በኩል ደግሞ ቦስተን በዚያ ኳርተር ያገባውን ያህል ባለ ሦስት በየጨዋታው ያገባል ብሎ የጠበቀ ሰው ተሳስቷል። ጎልደን ስቴት በስድስት ጨዋታ ጨረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «የመጀመሪያውን ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ወደ 70 በመቶ ገደማ ዋንጫውን ይወስዳል እኮ» ይለኛል። እውነት ነው። ግን ቁጥሩ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ የሚደረገው በመደበኛው ውድድር ብዙ ባሸነፈው ቡድን ሜዳ ነው። ጠንካራው ቡድን በሜዳው ያሸንፋል፣ ከዚያ ጠንካራ ስለሆነ ዋንጫውንም ይወስዳል። የመጀመሪያው ድል ዋንጫ አያመጣም፤ ሁለቱንም የሚያመጣቸው ጥንካሬው ነው። እንግዳው ቡድን መጥቶ ሲያሸንፍ ግን፣ እንደ 2001ና እንደ 2025፣ ያንን ቁጥር ዝም ብሎ መጥራት አያስኬድም።

የመጀመሪያ ሽንፈት አንዳንዴ ቡድን ይሰብራል፣ እሱን አልክድም። በ2018 ሌብሮን ጄምስ 51 ነጥብ አስቆጥሮ ክሊቭላንድ ጎልደን ስቴትን በሜዳው ሊያሸንፍ ጫፍ ደረሰ። እኩል ነበሩ፤ ጆርጅ ሂል ሁለተኛውን ነጻ ውርወራ ሳተ፣ ጄአር ስሚዝ ሪባውንዱን ያዘና ወደ ቅርጫቱ ከመሄድ ይልቅ ወደ መሀል ሜዳ ይዞት ወጣ። ሰዓቱ አለቀ፣ በጭማሪ ሰዓት ተሸነፉ፣ አራት ለዜሮም ተጠናቀቀ። ሌብሮን ከዚያ ጨዋታ በኋላ በንዴት እጁን ጎድቶ እንደነበር በኋላ ራሱ ተናገረ። እንዲህ ዓይነት ሽንፈት ነፍስ ይበላል። ግን እዚያም ቢሆን ጎልደን ስቴት የተሻለ ቡድን ነበር፤ ያን ሁሉ ነገር በጄአር ላይ መጫን ለእኔ ፍትሐዊ አይደለም።

ወደ 2025 ልመለስ፣ ምክንያቱም የዋላስና የሃርተንስታይን ነገር ይቀረኛል። የተንደር አሰልጣኝ ማርክ ዴግኖልት በመጀመሪያው ጨዋታ ረጅሙን አይዛያ ሃርተንስታይንን ተቀያሪ አድርጎ ዋላስን በቋሚ አምስት አሰለፈ። ተሸነፉ። በሪባውንድ ደግሞ 56 ለ 39 ተበለጡ። ከዚህ በላይ ለክርክር የተመቸ ነገር የለም! «68 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ለምን ራሱን ለተቃዋሚው ብሎ ይቀይራል?» ተባለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሪባውንዱ ግን ሲታይ እንደሚመስለው አይደለም፤ 59 ኳስ የሳተ ቡድን ለተቃዋሚው 59 የሪባውንድ ዕድል ይሰጣል፣ ፔሰርስ ደግሞ 43 ብቻ ነው የሳተው። የሪባውንዱ ልዩነት ትልቁ ክፍል የመጣው ከዚያው ካለማግባት ነው። እነዚያ 19 የባከኑ ኳሶችም የመጡት ተንደር በዚህ ፈጣንና አጭር አሰላለፍ በጀመረበት ምሽት ነው። ዴግኖልት በሁለተኛው ጨዋታ ያንኑ አምስት ይዞ ገባ። ሆልምግረን 15፣ ዊሊያምስ 19 አስቆጠሩ፣ ተንደር 123 ለ 107 አሸነፈ። አሰልጣኙ የተጮኸበትን ሳይሆን ያየውን አመነ፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ተከታታዩ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆየ። ሦስተኛውን ፔሰርስ ወሰደ። በአራተኛው ዴግኖልት ሃርተንስታይንን ወደ ቋሚው መለሰ፣ አሸነፉ። አምስተኛውን ዊሊያምስ 40 ነጥብ አስቆጥሮ ወሰዱት፤ ያ በመጀመሪያው ምሽት ከ19 ሙከራ 6 ብቻ ያገባው ልጅ ማለት ነው። ስድስተኛውን ፔሰርስ 108 ለ 91 በሰፊው አሸነፈ። ሰባተኛውን ተንደር 103 ለ 91።

የተነጠቁት ኳሶችስ? ተመልሰው መጡ። በአምስተኛውም በሰባተኛውም ጨዋታ ፔሰርስ ከ20 በላይ ኳስ አባከነ፣ ተንደርም በሁለቱም ምሽቶች ከዚያ ብቻ ከ30 ነጥብ በላይ አገኘ። በመጀመሪያው ጨዋታ 11 ነጥብ ብቻ ያመጣው ያው መከላከል ነው። ማንም በቅርብ ያየ ሰው ይሄ እንደሚመጣ በመጀመሪያው ምሽት ሊናገር ይችል ነበር፤ ያኔ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ሃሊበርተን ውርወራ ነበር።

እርግጥ ሰባተኛውን ጨዋታ ሳነሳ የሃሊበርተንን ጉዳት ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በመጀመሪያው ኳርተር ሦስት ባለ ሦስት አግብቶ፣ እሳት ሆኖ ገብቶ ነበር፤ የአኪለስ ጅማቱ ተበጠሰና ወደቀ። ወለሉን በእጁ ሲመታ ያየ ሰው የየትኛውም ቡድን ደጋፊ ቢሆን ያማል። ያለ እሱም ፔሰርስ 48 ለ 47 እየመራ እረፍት ወጣ። እሱ ቢኖር ኖሮ ማን ያሸንፍ ነበር የሚለውን ክርክር ማንም ሊዘጋው አይችልም፣ እኔም አልሞክርም። የአሰላለፉን ግን እከራከርበታለሁ፦ ዴግኖልት በመጀመሪያው ጨዋታ ዋላስን ማሰለፉ ትክክል ነበር፣ በአራተኛው ሃርተንስታይንን መመለሱም ትክክል ነበር፣ በ0.3 ሰከንድ መሸነፉ ደግሞ ይሄን አይቀይረውም።